ባዶውን መንገድ ሁሉም ሲያየው

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ በምናስመዘግብበት ሳምንት እኔና የፕሮጀክት ጓደኛዬ ብዙም አላሰብንበትም ነበር። ሌሎቹ ግሩፖች የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሲስተም፣ የላይብረሪ ሲስተም፣ የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም ሲሉ እኛ ከበድ ያለ ነገር ይዘን ለመቅረብ ፈለግን። ስለዚህ ቅጹ ላይ «በትላልቅ ሶፍትዌር ዲፋይንድ ኔትወርኮች ውስጥ ትራፊክን በብቃት መምራት» ብለን ሞላን። እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን ስለ ጉዳዩ የምናውቀው ከርዕሱ እምብዛም አያልፍም ነበር። አድቫይዘራችን ቅጹን አነበቡና «ርዕሱ ትልቅ ነው፤ እናንተ ግን ሁለት ናችሁ» አሉን። ቢሆንም ፈርመው ሰጡን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ፕሮጀክቱ እንዴት እንደተሳካልን ለመተረክ አይደለም። መጀመሪያ እንዴት እንደከሸፈ፣ ከዚያም ያልሠራውን ሠርቷል ብለን ለማቅረብ ምን ያህል ተቃርበን እንደነበር ለመናገር ነው። ከእኛ በኋላ ለምትመጡ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ ጉዳዩን ላልተከታተለ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በተለመደው ኔትወርክ ውስጥ እያንዳንዱ ራውተር የየራሱ አእምሮ አለው። ከጎረቤቶቹ ጋር መረጃ ተለዋውጦ የኔትወርኩን ካርታ ይሠራል፤ ከዚያም የሆላንዱ ሊቅ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ዘዴ አጭሩን መንገድ ያሰላል። ሁላችንም በአልጎሪዝም ኮርስ ወረቀት ላይ ሠርተነዋል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «መንገዱ ተጨናንቋል ወይስ ባዶ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በመሆኑም አጭሩ መንገድ ሞልቶ ሲተርፍ ከጎኑ ያለው ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ያለሥራ ይውላል።

ሶፍትዌር ዲፋይንድ ኔትወርክ የሚባለው አሠራር ይህን አእምሮ ከእያንዳንዱ ስዊች አውጥቶ ኮንትሮለር በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስዊቹ የሚቀረው ሰንጠረዥ ብቻ ነው። በሰንጠረዡ ላይ «እንዲህ ያለ ፓኬት ሲመጣ በዚህ ፖርት አውጣው» የሚሉ ሕጎች ይጻፋሉ፤ ጸሐፊው ደግሞ ኮንትሮለሩ ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ኦፕንፍሎው የተባለው መግባቢያ እነ ኒክ ማክኪዮን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጽሑፍ የታወቀ ነው። ኮንትሮለሩ ሁሉንም ሊንኮች ከላይ ሆኖ ስለሚያይ የትኛው እንደሞላ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ያውቃል። እኛን የማረከን ይህ ነበር። ከላይ ሆኖ የሚያይ እስካለ ድረስ መጨናነቅ ከየት ይመጣል? አልን።

መሥሪያችን አንድ ላፕቶፕ ነበር። ሚኒኔት የሚባለው ሶፍትዌር በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ስዊቾችንና ሆስቶችን አስመስሎ ይፈጥራል። የሠራነው ፋት ትሪ የሚባለውን የዳታ ሴንተር አቀማመጥ ነው። በባለ 4 ፖርት ስዊቾች ሲሠራ 20 ስዊቾችና 16 ሆስቶች ይኖሩታል፤ ሆስቶቹ አራት አራት ሆነው ፖድ በሚባሉ አራት ሰፈሮች ይከፋፈላሉ። ከአንዱ ፖድ ወደ ሌላው ፖድ ለመሄድ እኩል አጭር የሆኑ አራት መንገዶች አሉ። ላፕቶፑ እንዳይታፈንብን እያንዳንዱን ሊንክ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ላይ ገደብነው።

እኩል የሆኑ ብዙ መንገዶች ሲኖሩ የተለመደው አሠራር የፓኬቱን አድራሻዎችና የፖርት ቁጥሮች ሀሽ አድርጎ መንገዱን እንደ ዕጣ መምረጥ ነው። የአንድ ፍሎው ፓኬቶች ሁሉ በአንድ መንገድ ስለሚሄዱ ቅደም ተከተላቸው አይዛባም። ትናንሽ ፍሎዎች ሲበዙ ዕጣው ለሁሉም ያዳርሳል፤ ጥቂትና ትላልቅ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይበላሻል። እስቲ አስሉት፦ ከአንድ ፖድ አራት ትላልቅ ፍሎዎች ተነሥተው እያንዳንዳቸው ከፖዱ ወደ ላይ ከሚወጡት አራት ሊንኮች አንዱን በዕጣ ቢመርጡ፣ አራቱም የተለያየ ሊንክ የሚደርሳቸው ከ256 አጋጣሚዎች በ24ቱ ብቻ ነው። ይህ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። በቀሩት አጋጣሚዎች ሁሉ ቢያንስ ሁለት ፍሎዎች በአንድ ሊንክ ላይ ሲገፋፉ ቢያንስ አንድ ሊንክ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

እኛ ያሰብነው መፍትሔ ቀላል ነበር። ኮንትሮለሩ በየ5 ሰከንዱ የሊንኮቹን ቆጣሪ ያነባል፤ የሞላውን ይለያል፤ በላዩ የሚሄዱትን ፍሎዎች በዚያች ቅጽበት ባዶ ወደሆነው መንገድ ያዞራል። በቃ! ኮዱን በሦስት ሳምንት ጨረስን። የአንዱ ፖድ አራት ሆስቶች ለሌላው ፖድ አራት ሆስቶች ያለማቋረጥ እንዲልኩ አድርገን የመጀመሪያ ቀን ማታ ስናስኬደው፣ ውጤቱ ከዕጣው የባሰ ሆነ። ግራፉ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የኮድ ስሕተት ፈለግን። ኮዱ ግን ያዘዝነውን በትክክል ነበር የሚሠራው።

ነገሩ የገባኝ ላብ ውስጥ ሳይሆን ታክሲ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። በሃያ ሁለት በኩል ያለው መንገድ ስለተጨናነቀ አሽከርካሪዎች አማራጭ መንገድ እንዲጠቀሙ ይነገራል። ሾፌራችን በሾላ አድርጎ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል ወደ ቀበና ሊወጣ ዞረ። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን ሬዲዮ የሚያዳምጠው እሱ ብቻ አይደለም። ቀበና ሳንደርስ ቆምን። ረዳቱ ስልኩን ዘግቶ «በሃያ ሁለት እኮ አሁን ተለቋል አሉ» አለ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት «እኛ ስንመጣ ይዘጋል፣ እኛ ስንሄድ ይከፈታል» ሲሉ ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ግን ደነገጥሁ። የእኛ ኮንትሮለር እኮ ይህ ሬዲዮ ነው!

በርግጥም እንዲያ ነበር። ኮንትሮለሩ የሚያየው ከ5 ሰከንድ በፊት የነበረውን ሁኔታ ነው። በሞላው ሊንክ ላይ ያሉትን ሁለት ፍሎዎች ሁለቱንም ወደዚያው አንድ ባዶ ሊንክ ይልካቸዋል፤ ባዶው ይሞላል፣ የሞላው ባዶ ይሆናል። ከ5 ሰከንድ በኋላ ደግሞ መልሶ ያዞራቸዋል። በእያንዳንዱ ዝውውር ፓኬቶች ይጠፋሉ ወይም ተራቸው ይዛባል፤ ቲ.ሲ.ፒ. ደግሞ ይህን ሲያይ መጨናነቅ አለ ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ስሕተቱ የእኛ ፈጠራ እንዳልሆነ በኋላ ሳነብ አወቅሁ። የኢንተርኔት አያት የሆነው አርፓኔትም በአንድ ወቅት መንገድ የሚመርጠው በየሊንኩ የሚለካውን መዘግየት እያየ ነበር። ጭነት ሲበዛ ትራፊኩ ከአንዱ ሊንክ ወደ ሌላው እየተገላበጠ ስላስቸገረ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የመለኪያው ቀመር ተሻሽሎ የአንድ ሊንክ ዋጋ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይዘል ተገደበ። እኛ ያንን ችግር በላፕቶፕ ላይ እንደገና ወልደነው ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ክፍል ልምጣ። የሂደት ሪፖርት የምናቀርብበት ዓርብ ደረሰና በእጃችን የሚታይ ነገር አልነበረም። ከሠላሳ በላይ ሙከራ አድርገን ነበር፤ ከነዚያ መካከል አንዲት የምታምር ግራፍ አለች። በእሷ ላይ አራቱም ፍሎዎች በሙሉ ፍጥነት ሲሄዱ ይታያል። ከዕጣው ውጤት ጋር፣ ያውም ከዕጣው መጥፎ ቀን ጋር፣ ጎን ለጎን ስናስቀምጣት ፕሮጀክታችን ተአምር የሠራ ይመስላል። ጓደኛዬ «ይቺን እናስገባት፣ ሌላውን እስከ ዲፌንስ እናስተካክለዋለን» አለኝ። ልቤ ፈራ፤ አፌ ግን «እሺ» አለ። ግራፏን ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ።

አድቫይዘራችን ግራፏን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ስንት ጊዜ አስኬዳችሁት?» ብለው ጠየቁን።

«ሠላሳ ምናምን ጊዜ» አልኩ።

«የቀሩት የት አሉ?»

ሁለታችንም ዝም አልን። እሳቸው አልተቆጡም። «በዚህች ቀን ኮንትሮለራችሁ ስንት ፍሎው አዞረ?» ብለው ቀጠሉ። ሎጉን ከፍተን አየን። አንድም አላዞረም! በዚያች ሙከራ ፍሎዎቹ ገና ሲጀምሩ በአጋጣሚ አራት የተለያዩ መንገዶች ደርሰዋቸው ነበር፤ አራቱም ሊንኮች እኩል ስለተጫኑ ኮንትሮለሩ ባዶ መንገድ አጥቶ ዝም ብሏል። የፕሮግራማችን ምርጥ ውጤት ፕሮግራማችን ምንም ያልሠራበት ቀን ነበር ማለት ነው። መምህራችን ወረቀቱን መለሱልንና «ያልሠራበትን ምክንያት ካወቃችሁ ፕሮጀክት አላችሁ። ይህች ግራፍ ብቻ ከሆነች ግን የላችሁም» አሉን።

ከቢሮ ስንወጣ እፎይ አልኩ ብል ማን ያምነኛል? ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ያስተካከልናቸውን ነገሮች ተራ በተራ ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ፍሎዎችን በጅምላ ማዞር አቆምን። ኮንትሮለሩ አንድ ፍሎው ካዞረ በኋላ ቆጣሪውን ሳይጠብቅ «ይህ ቦታ ተይዟል» ብሎ በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ቀጣዩን ፍሎው ሲያስብ ያንን መንገድ ባዶ አድርጎ አያየውም። የታክሲ ተራ አስከባሪ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ የሞላውን መኪና ከላከ በኋላ አሁንም እንደቆመ አድርጎ ሰው አያሳፍርበትም። በተጨማሪም ማዞሩ የሚያስገኘው ጥቅም ከተወሰነ መጠን ካላለፈ ፍሎውን ባለበት እንዲተወው አደረግን። ትናንሽ ፍሎዎችን ደግሞ ጨርሶ መንካት ተውን። እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበው ሄዴራ የተባለው ሥራ አንድን ፍሎው ትልቅ የሚለው ከሆስቱ ሊንክ አቅም 10 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ እኛም ያንኑ ተጠቀምን።

ሁለተኛው ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ነው። የአንድን ፍሎው ፍላጎት የምንገምተው አሁን በሚሄድበት ፍጥነት ነበር። ሁለት ፍሎዎች በአንድ ባለ 10 ሜጋቢት ሊንክ ሲጋፉ እያንዳንዳቸው 5 ሜጋቢት ይደርሳቸዋል፤ ኮንትሮለሩም «ይህ ፍሎው 5 ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። እውነቱ ግን ቦታ ቢያገኝ 10 ይሄዳል። የተጨቆነ ሁሉ ትንሽ መስሎ ይታያል። ሄዴራ ለዚህ የሚሰጠው መልስ አሁን የሚሄድበትን ፍጥነት ትቶ «መሐል ላይ ያለው ኔትወርክ ባያግደው ላኪውና ተቀባዩ ምን ያህል ይደርሳቸው ነበር?» ብሎ ማስላት ነው። ይህን ስናስገባ ኮንትሮለሩ ሁለት ትላልቅ ፍሎዎችን ጠባብ ቦታ ላይ ማጎሩን ተወ።

ሦስተኛው የሕጎቹ ቅደም ተከተል ነው። መንገድ ስንቀይር አዲሱን ሕግ ከላኪው ስዊች ጀምረን እንጽፍ ነበር። ፓኬቱ አዲሱን መንገድ ይዞ ሲሄድ ቀጣዩ ስዊች ሕጉ ገና አልደረሰውም፤ ግራ ሲገባው ፓኬቱን ወደ ኮንትሮለሩ ይልከዋል። ኮንትሮለሩም በጥያቄ ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ከተቀባዩ ወገን ጀምረን ወደ ኋላ እየጻፍን መጣን፤ የላኪው ስዊች መጨረሻ ላይ ይነገረዋል። ይህ ነገር ተራ ቢመስልም በትላልቅ ኔትወርኮች ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ነው። እነ ማርክ ራይትብላትና ጄኒፈር ሬክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት ዘዴ ፓኬቱ ሲገባ የስሪት ቁጥር ይታተምበታል፤ ስለዚህ ወይ ሙሉ በሙሉ በአሮጌው ሕግ ወይ ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ይሄዳል እንጂ የሁለቱ ቅልቅል አይደርሰውም።

የእኛ 20 ስዊች የልጆች ጨዋታ ነው። ኔትወርኩ ሲሰፋ ለእያንዳንዱ ፍሎው ሕግ መጻፍ አይቻልም፤ ስዊቾቹ በፍጥነት የሚፈልጉበት የማስታወሻ ክፍል ውድና ውስን ነው። ጉግል የዳታ ሴንተሮቹን የሚያገናኝበትን ቢ4 የተባለ ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲገልጽ፣ ማዕከሉ የሚያስበው ስለ እያንዳንዱ ፍሎው ሳይሆን ስለ ጥቅሎች፣ ማለትም ከዚህ ጣቢያ ወደዚያ ጣቢያ በዚህ ዓይነት አገልግሎት ስለሚሄደው ሁሉ እንደሆነ ጽፏል። የረጅም ርቀት ሊንኮች በተለመደው አሠራር ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ በሥራ ላይ ሲውሉ፣ ቢ4 ብዙዎቹን እስከ 100 በመቶ እየተጠጋ፣ በረጅም ጊዜ አማካይ ደግሞ 70 በመቶ አካባቢ አድርሷቸዋል። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ያቀረበው ስዋን ሌላ ብልሃት አለው፦ በእያንዳንዱ ሊንክ ላይ ጥቂት ቦታ ሆን ብሎ ባዶ ይተዋል። 10 በመቶ ከተተወ፣ ማንኛውም የመንገድ ለውጥ ምንም ሊንክ ሳይጨናነቅ ቢበዛ በ9 እርምጃ እንደሚጠናቀቅ በሒሳብ አረጋግጠዋል። ባዶ ቦታ ብክነት ብቻ አይደለም፤ መዞሪያም ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ግን የጉግሉ ጽሑፍ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። ባለሙያዎቹ የደረሰባቸውን አንድ ከባድ መቋረጥ በዝርዝር ይተርካሉ፤ መነሻው በእጅ ሲዋቀሩ ሁለት ስዊቾች በስሕተት አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር መያዛቸው ነበር። ያን ያህል ትልቅ ድርጅት እንዲህ ያለ ተራ ስሕተቱን ለዓለም ሲያወጣ፣ እኛ ሠላሳ የከሸፉ ሙከራዎችን ለመደበቅ መሞከራችን አሳፈረኝ።

በዲፌንሱ ቀን ሁሉንም ሙከራዎች በአንድ ግራፍ ላይ አቀረብን፤ የመጋዝ ጥርሱንም ጭምር። የተሻሻለው ኮንትሮለር በአማካይ ከዕጣው በልጧል፤ ፍሎዎቹ አጫጭር ሲሆኑ ግን 5 ሰከንዱ ሳይደርስ ያልቃሉና ምንም አልረዳም። ይህንንም ጻፍነው። ከዚያ አንዱ ፈታኝ ያልጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቁን፦ «የእኛ ግቢ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንድ መስመር ነው። የምትመርጡት አራት መንገድ የለም። ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?»

ያኔ የመለስኩት መልስ ደካማ ነበር፤ «ወደፊት ኔትወርኩ ሲሰፋ...» ምናምን ብዬ አለፍኩት። አሁን ቢጠይቁኝ ኖሮ እንዲህ እል ነበር። ቢ4 ሊንኮቹን እስከ አፋቸው መሙላት የቻለው መንገድ ስለበዛለት ብቻ አይደለም፤ ማን መቆየት እንደሚችል ስላወቀ ጭምር ነው። ትራፊኩን በሦስት ይከፍለዋል። የተጠቃሚዎች ዳታ ቅጂ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ቅድሚያው ግን ከፍተኛ ነው። ከሩቅ ማከማቻ የሚነበበው መካከለኛ ነው። በዳታ ሴንተሮች መካከል የሚገለበጠው ግዙፍ ዳታ ደግሞ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ቢዘገይ ግን የሚጎዳው የለም። ሊንክ ሲበጠስ መጀመሪያ የሚቆየው ይህ ነው። በግቢያችንም መስመሩ አንድ ቢሆን፣ የኮምፒውተሮች አፕዴት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢወርድ ማን ይጎዳል? የምዝገባ ቀን ግን አንዲት ተማሪ ቅጿን የምትልክበት ደቂቃ መቆየት አይችልም። መንገድ ባይኖረንም ተራ አለን።

ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች፣ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። ከላይ ሆኖ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ያየኸውን ባዶ ቦታ አሁን አንተው ራስህ እንደሞላኸው ማስታወስ ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ፣ የምታምር አንዲት ግራፍ በእጃችሁ ስትገባ ከመደሰታችሁ በፊት ሎጉን ክፈቱና ያን ቀን ፕሮግራማችሁ ምን እንደሠራ እዩ። ምናልባት ምንም አልሠራ ይሆናል።

አድቫይዘራችን አሁንም ያንን ጥያቄ ለየግሩፑ ይጠይቃሉ አሉ። «ስንት ጊዜ አስኬዳችሁት?» ሲሏችሁ እውነቱን ንገሯቸው።